ከደመወዝ በተረፈ ገንዘብ የኪራይ ቤት ማብዛት



በቅርቡ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ በቀን ደግሞ መሥሪያ ቤት የሚውል አንድ ወንድም አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። «ከደመወዜና ከሱቄ የምትተርፈኝን አጠራቅሜ፣ የጎደለውን ከባንክ ተበድሬ አንድ ቤት ልግዛና ላከራይ። ኪራዩ ዕዳውን ይከፍላል። ከዚያም ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ እቀጥላለሁ» አለኝ። ይህ ሐሳብ የርሱ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ የሚያገኝ ሁሉ በልቡ የሚያሰላው ነው። እኔም መልሴን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ካደግሁባት ከቆቦ ላምጣው። እዚያ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ሂሳቡ አይደበቅም።

በኛ ቤት የኪራይ ቤት ነገር ሲነሳ አብሮ የሚነሳው 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና «ትርፍ ቤት» የተባለውን ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ። ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ መያዝ ተከለከለ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አያቴ ከሚኖሩበት ሌላ ለአንድ የእህል ነጋዴ ያከራዩት አንድ ቤት ነበራቸውና ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውን «ሀብታችሁ የሚነዳ ይሁን» እያሉ መከሩ፤ ከብት ማለታቸው ነው። የ1977ቱ ድርቅ ደግሞ በራያ ቆላ ከብቱን ጨረሰው። እንግዲህ ቤትም ከብትም እንደሚጠፋ አይተው ነው የሞቱት፤ አላህ ይማራቸው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የግል ንብረትን መብት አወቀ፤ መሬትን ግን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አስቀረ፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ አከራይ የሆነ ሰው ባለቤትነቱ በሕንፃው ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቦታ በነባር ይዞታ ወይም በሊዝ ይጠቀምበታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ይህን ያነሳሁት ብዙ ሰው «ቦታ ገዛሁ» ሲል ምን እንደገዛ ስለማያውቅ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልለፍ። መምህር ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. በውርስ በደረሳቸው ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት የጭቃ ክፍሎች ሠርተው ለመምህራን አከራዩ። እንጨቱና ቆርቆሮው የተገዛው በዕቁብ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚችለው ነው፤ ኪራዩን አልበሉትም። ቤተሰቡ በደመወዝ ይኖራል፤ የኪራዩ ብር ወደ ሌላ ዕቁብ ይገባል፤ ዕቁቡ ሲወጣ አንድ ክፍል ይጨመራል። እስከ 2012 ዓ.ም. ክፍሎቹ ሰባት ደረሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ምስጥ በልቷቸው በብሎኬት እንደገና አሠሩ። በቆላ የኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ይህንን፣ የክረምቱን ጎርፍና ሙቀቱን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ጣሪያው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ቤት በግንቦት ማንንም አያስቀምጥም፤ ተከራዩ ሌላ ሲያገኝ ይወጣል።

የመርካቶውን ወንድም ሂሳብ በአንድ ክፍል እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ክፍሉ በ120,000 ብር ተሠራ፤ በወር 1,500 ብር ተከራየ እንበል። የዓመቱ 18,000 ነው። በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያድር 1,500፣ ለቀለም፣ ለቁልፍና ለቆርቆሮ ሌላ 1,500 ይቀነሳል። የቀረው 15,000 ነው። ግብሩን ሳንቆጥር እንኳ የወጣውን ገንዘብ ለመመለስ 8 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ይኸው 120,000 በዓመት 16 በመቶ ወለድ የተወሰደ ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 19,200 ብር ነው። ክፍሉ የሚያስገባው ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፤ ልዩነቱ ከልጆች ጉሮሮ ይወጣል። ወለድ ሐራም መሆኑን ማንኛችንም እናውቃለን። እኔ ግን ሐራምነቱን ለአፍታ ትተን በሂሳብ ብቻ ብንመለከተውም «ኪራዩ ዕዳውን ይከፍላል» የሚለው እንደማይሠራ ለማሳየት ነው።

«ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል፤ ቤቱም ይወደዳል» የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው፤ ቤት ሠርቶ የቆየ ሰው የተጠቀመው በዚህ ነው። ነገር ግን ጭማሪው በኛ ፈቃድ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ እያለፈ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ስድስት ወር በቅድሚያ ተቀብሎ በርሱ ቀጣዩን ክፍል ለመሥራት ያሰበ ሰው ዕቅዱን ይለውጥ።

ከወለድ ነፃ የሆነው መንገድስ? በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ በዚህ ብቻ ለመሥራት ተከፈተ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ፤ ሌሎቹም ባንኮች መስኮት አላቸው። ሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በዱቤ የሚሸጥበት ውል ነው። ሐላል ነው ማለት ግን ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ትርፉን ደምራችሁ ከላይ ባለው ሂሳብ አስገቡት፤ ካልወጣ አትግቡበት። በኔ አስተያየት ለደመወዝተኛ የአጎቴ ዕቁብ እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ይበቃል።

የራሴን ስሕተት ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. እኔም እንደ አጎቴ እሆናለሁ ብዬ ቆቦ ውስጥ ሁለት ክፍል ያለው ቤት በ180,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ ከአባቱ የወረሰው ነው አለኝ፤ ሦስት ሽማግሌ ፈረመበት፤ ጨርሰናል ብዬ ተመለስኩ። ስድስት ወር ሳይሞላ ከጅዳ የተመለሰች እህቱ በሩን አንኳኳች። ከአባቷ ውርስ አንድ ሳንቲም አልደረሳትም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ፣ ስለ ሴቶች የውርስ መብት በጋዜጣ የጻፍኩ ሰው፣ «ሌላ ወራሽ አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ በእጄ ያለው ግን የመንደር ወረቀት ነው።

ወራሾቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጉዳዩ መደበኛ ፍርድ ቤት ቢሄድ በሕጉ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ስለሚወርሱ ግማሹ የርሷ ነው፤ በሸሪዓ አንድ ሦስተኛው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ደግሞ ሁሉም ወገን ሲስማማ ብቻ ነው። እርሷ «በአላህ ሕግ የደረሰኝን ስጡኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለች። ወንድሟ ገንዘቡን አጥፍቶታል። 60,000 ብሩን እኔው ከፈልኩ። ሁለት ጊዜ መክፈሌ አልቆጨኝም፤ የቆጨኝ ስድስት ወር ሙሉ የርሷን ኪራይ መብላቴ ነው። የበላሁትንም ሲሶውን አስልቼ ጨመርኩላት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቤት ልግዛ ሲለኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ካርታውን፣ ቀጥሎ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ ከዚያም የእህቶቹን ስም ነው።

ስለ ዘካ አጭር ነገር ላክል፤ ብዙዎች ስለሚሳሳቱበት። በሚከራይ ቤት ዋጋ ላይ ዘካ የለም። በ1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ ጉባኤ እንደወሰነው ዘካው በገቢው ላይ ነው፤ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ዓመት ከዞረበትና ኒሷብ ከሞላ 2.5 በመቶ። እንደ አጎቴ ኪራዩን ሳይበላ የሚያጠራቅም ሰው ይህ ይመለከተዋል፤ ለወር አስቤዛ የሚጨርሰውን ግን አይነካውም።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ገባ። ከተማዋ ለወራት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ ባንክ የለም፤ ደመወዝ የለም። በነሐሴ 2014 እንደገና ተያዘች። ከአጎቴ ሰባት ክፍሎች አራቱ ባዶ ሆኑ፤ በሦስቱ የቀሩት መምህራን የሚከፍሉት አልነበራቸውም። የአንዱ ክፍል በርና ጣሪያ ተሰባበረ። የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሳው ሸሽተው ሄደው ዕቃቸውን ቆልፈው በተውት ላይ ነበር። አንዳንድ አከራዮች ሲመለሱ የወራቱን ሁሉ ጠየቋቸው። አጎቴ ለአንድ ዓሊም አቀረቡት። ተከራዩ በቤቱ መጠቀም ካልቻለ ለዚያ ጊዜ ኪራይ እንደማይጠየቅ፣ ያለ ጥፋቱ የተሰበረውንም ጠግኖ የሚያቆመው ባለቤቱ እንደሆነ ነገሯቸው። በውስጥ የኖሩት ግን ዕዳ አለባቸው፤ በችግር ላይ ያለን ባለዕዳ ደግሞ እስኪቃናለት መጠበቅ በሱረቱል በቀራ የታዘዘ ነው፤ መተው ከዚያም ይበልጣል።

አጎቴ ሦስቱን አላስወጡም። በደብተራቸው የእያንዳንዱን ወር ጻፉ። ደመወዝ ሲጀመር አንዱ በየወሩ 300 ብር እየጨመረ ከፈለ፤ ሌላው ተዛውሮ ሄዶ ቀረ፤ የሦስተኛውን እሳቸው ራሳቸው ሰረዙት። በዚያ ጊዜ በኪራይ ላይ ብቻ ቢኖሩ ኖሮ ይህን ማድረግ ባልቻሉ ነበር፤ ዕዳ በወለድ ቢኖርባቸው ደግሞ ባንኩ የመምህሩን ችግር አይሰማም። ስምንተኛውን ክፍል እስካሁን አልጀመሩትም። መሠረቱ ተቆፍሯል፤ የሲሚንቶው ዋጋ ይታይ ብለዋል። የመርካቶው ወንድምም ብድሩን ለጊዜው ትቶ የዕቁብ ዳኛ እየፈለገ ነው።