ትልቅ ጎማ በጠባብ ቤት፦ የፒካፕ ጎማ ለምን ይፈትጋል?

የፒካፕ መኪና ባለቤቶች ፋብሪካው ከገጠመው ጎማ ከፍ ያለ ጎማ መግጠም የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ ይላል፣ ድንጋይና ጉድጓድ በቀላሉ ያልፋል፤ መልኩም ግርማ ያገኛል። ችግሩ የሚገለጠው ከተገጠመ በኋላ ነው። በጋራዡ ደጃፍ ቆሞ ሲታይ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት የነበረው መኪና፣ ጭነት ይዞ በጉድጓድ ላይ ሲታጠፍ የመፋቅ ድምፅ ያሰማል። ጎማው አንድ ነገር እየፈተገ ነው ማለት ነው።

ድምፁን ታግሦ መንዳት የሚቻል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የጎማ ጎን እንደ ጥርሱ ወፍራም አይደለም። በውስጡ ያሉት ክሮች በጥቂት ሚሊ ሜትር ላስቲክ ብቻ የተሸፈኑ ናቸው፤ በዚያ ላይ የደረሰ ቁርጠትም በጥርሱ በኩል እንደገባ ሚስማር ተጠግኖ አይድንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፍተጋው የሚደርስበት ጊዜ ነው፤ መኪናው ሲጫን፣ ሲታጠፍና ሲነጥር፣ ማለትም ሾፌሩ ጎማውን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለጊዜው ከጋራዥ ወደ ጥቁር ሰሌዳ እንውሰደው። የሚያስፈልገን የፓይታጎረስ ቲዎረምና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር

ለምሳሌነት በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ትውልድ ላይ ከሚገኙት የጎማ ልኮች አንዱ 265/65 አር 17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግረናል። አር የሚለው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን ሲያመለክት፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቸርኬው 431.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጎማው ጎን 265 ሲባዛ በ0.65፣ ማለትም 172.25 ሚሊ ሜትር ነው። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ደምረን የጎማውን ሙሉ ዲያሜትር 776.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ባለቤቱ 285/70 አር 17 ሊገጥም አሰበ እንበል። በተመሳሳይ ስሌት ዲያሜትሩ 830.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 54.5 ሚሊ ሜትር ነው። ነገር ግን መኪናው ከመሬት የሚነሣው በዚህ ሁሉ አይደለም፤ የጎማው መሐል ከመሬት ያለው ርቀት ሬዲየሱ ስለሆነ ትርፉ የልዩነቱ እኩሌታ፣ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው 27 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። በተጨማሪም ጎማው ወደ ፊትም ወደ ኋላም በዚያው ልክ ይሰፋል። ባለቤቱ የሚያስበው ስለ ላዩ ብቻ ነው፤ እኛ እንደምናየው ግን መጀመሪያ የሚነካው ብዙውን ጊዜ ኋላው ነው።

ጎማው ሲታጠፍ የሚወስደው ቦታ

መሪውን ስናዞር የፊት ጎማ የሚዞረው በራሱ መሐል ላይ አይደለም። ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ በሚመስል ምናባዊ መስመር ዙሪያ ይዞራል፤ ይህን የመሪ ዛቢያ እንበለው። ከዛቢያው እስከ ጎማው ስፋት መሐል ያለው ርቀት ለስሌታችን 60 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ለማሳያ የመረጥነው ቁጥር ነው፤ በእያንዳንዱ መኪና ላይ መለካት ይኖርበታል።

ጎማውን ከላይ ወደ ታች፣ በመሐሉ ከፍታ ላይ ተቆርጦ ብናየው አራት ማዕዘን ይመስላል። ርዝመቱ ዲያሜትሩ፣ ወርዱ ስፋቱ ነው። ከዛቢያው በጣም የሚርቁት የውጭኛው ጎን ሁለት ጥጎች ናቸው። የኋለኛውን የውጭ ጥግ እንውሰድ፦ ከዛቢያው ወደ ኋላ 388 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ ደግሞ 60 ሲደመር የስፋቱ እኩሌታ 132.5፣ ማለትም 192.5 ሚሊ ሜትር ይርቃል። እነዚህ የማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ናቸው። ሦስተኛው ጎን 433 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የዚህ ቁጥር ትርጉም ልብ ሊባል ይገባዋል። መሪው ቀጥ ባለ ጊዜ ጎማው ከዛቢያው ወደ ኋላ የሚደርሰው 388 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የግራው ጎማ ወደ ግራ 26 ዲግሪ ያህል ሲታጠፍ ግን ያ ጥግ በትክክል ወደ ኋላ ስለሚያመለክት 433 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በመታጠፍ ብቻ 45 ሚሊ ሜትር ቦታ ተበላ ማለት ነው። ያው ጎማ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የፊተኛው የውጭ ጥግ ወደ መኪናው አፍንጫ ይዞራል። ቆሞ ሲታይ ሰፊ የነበረው ክፍተት በመታጠፊያ ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የጎማው ጥግ በእውነቱ ክብ ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር በጥቂቱ ያንሳል፤ ልኮችን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን ስሌቱ በቂ ነው።

ለ285/70 አር 17 ስሌቱን ብንደግመው 462 ሚሊ ሜትር እናገኛለን፤ ከመጀመሪያው 29 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። 265/70 አር 17 ብንወስድ 445 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጭማሪው 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ መኪናው ግን የሚነሣው 13 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ጠበብ ብሎ ረዘም ያለው 255/75 አር 17 ነው። መኪናውን 19 ሚሊ ሜትር ያነሣል፤ የጥጉ ርቀት ግን 448 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚጨምረው 15 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ማለት ሰፊው ጎማ ከሚሰጠው ከፍታ 70 በመቶውን፣ ሰፊው ከሚበላው ቦታ ግማሽ ያህሉን ብቻ ከፍሎ ያገኛል። ከፍታ ፈላጊ ሰው ስፋትን አብሮ የሚገዛው ለመልክ ካልሆነ በቀር ለምን እንደሆነ አይገባንም።

ስለ መልክ ካነሣን፣ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ቸርኬ ወይም ስፔሰር መግጠምም የተለመደ ነው። ይህ ጎማውን ከውስጠኛው ክንድና ከሻንሲው ያርቀዋል፤ በዚያ በኩል የሚፈትግ ከሆነ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ጎማውን ከመሪው ዛቢያም ያርቀዋል። 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ብናወጣው የ285ቱ ጎማ ጥግ ከ462 ወደ 476 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በውስጥ የጠፋው ፍተጋ ከኋላና ከፊት ይመጣል።

መኪናውን ማንሣት የሚፈታውና የማይፈታው

"ረዘም ያለ ሞላ አስገባና ይለቅሃል" የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። 5 ሴንቲ ሜትር የሚያነሣ ሞላ ሲገባ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ፓራፋንጎው ከጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ታዲያ ጎማው ወደ ላይ መውጣት የሚያቆመው የት ነው? በሞላው ርዝመት ሳይሆን በሻንሲው ላይ ባለው የላስቲክ ማገጃ ነው። ማገጃው ካልተቀየረ፣ ጎማው በጉድጓድ ተገፍቶ የሚደርስበት የመጨረሻ ከፍታ አሮጌው ራሱ ነው። ቀድሞ 8 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ይደርስ የነበረው አሁን 13 ሴንቲ ሜትር ተጉዞ ይደርሳል። ፍተጋው ብርቅ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ለዚህም ነው አዲስ ሞላ ያስገባ ሰው በከተማ ውስጥ ወራት ያለ ድምፅ ቆይቶ፣ ጭኖ ወደ ገጠር በወጣ ቀን ጎማው ተቆርጦ የሚያገኘው።

ካቢናውን ከሻንሲው በማንሻ ማራቅ ከዚህ የተለየ ነው፤ ፓራፋንጎውን ራሱን ከፍ ስለሚያደርግ በመጨረሻው ከፍታ ላይም ቦታ ይሰጣል። ሆኖም የመሪው ዘንግና የፍሬን ቱቦዎች አብረው መስተካከል ስላለባቸው ለማንም እጅ የሚተው ሥራ አይደለም።

ቀላሎቹ መፍትሔዎች ሌሎች ናቸው። በጎማ ቤቱ ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በሙቀት አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋት ወይም መቁረጥ፣ ማገጃውን በረጅም መተካት፣ ጎማው ወደ ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲሄድ በአላይመንት ጊዜ የታችኛውን ክንድ ማስተካከል ይቻላል። የመሪውን ማቆሚያ ቡሎን አርዝሞ ጎማው በጣም እንዳይታጠፍ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። የሃይሉክሱ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። የመዞሪያው ሬዲየስ ይህ ርቀት ለመታጠፊያው ማዕዘን ሳይን ሲካፈል ነው ብንል፣ በ30 ዲግሪ 6.17 ሜትር፣ በ27 ዲግሪ ግን 6.80 ሜትር ይሆናል። ሦስት ዲግሪ ለመቆጠብ ብሎ በጠባብ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ሊያስፈልግ ነው።

ቦታ ቢበቃም የሚቀሩ ሒሳቦች

ጎማው ሳይፈትግ ቢገባ እንኳ ሬዲየሱ በ7 በመቶ ማደጉ ይቀራል። ኃይል ማለት ቶርክ ለሬዲየስ ሲካፈል ስለሆነ፣ በዚያው ማርሽ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል 6.6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእንጦጦን ዳገት ጭኖ የሚወጣ ሰው ይህን በማርሹ ያውቀዋል። ፍሬንም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ በተመሳሳይ የእግር ጉልበት የሚገኘው የማቆም ኃይል በዚያው መጠን ያንሳል። ፍጥነት ቆጣሪውም ሊያሳስት ይችላል። በአሮጌው ጎማ ትክክል ይቆጥር የነበረ መሣሪያ አሁን 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 85.6 ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል።

የመሸከም አቅምም በመጠን አይገመትም። በጎማው ጎን ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 112፣ ጎማው 1,120 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ያመለክታል። አዲሱ ጎማ ከአሮጌው ያነሰ ቁጥር ከያዘ፣ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ለፒካፕ አይሆንም።

ሳይነዱ መፈተን

ፍተናው በሁለቱ ጽንፎች በአንድነት መደረግ አለበት፤ ጎማው እስከ መጨረሻው ታጥፎ፣ እስከ መጨረሻውም ወደ ላይ ተገፍቶ። በጋራዥ ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፎ፣ ሞላውን አውጥቶ፣ ጎማውን በክሪክ እስከ ማገጃው ድረስ ማንሣትና መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ነው። የተጨመቀ ሞላ በውስጡ ብዙ ጉልበት ስለያዘ ይህን መሥራት ያለበት የለመደ መካኒክ ነው። ያ ካልተቻለ የጎማውን ትከሻ በእርጥብ ጠመኔ ቀብቶ፣ መኪናው ላይ የተለመደውን ጭነት ጭኖ፣ አንዱን የፊት ጎማ በዝግታ በጠንካራ ጉብታ ላይ አውጥቶ መሪውን ሙሉ በሙሉ ማዞር ይቻላል። በፕላስቲኩ፣ በብረቱ ጠርዝና በፍሬን ቱቦው አጠገብ ነጭ ምልክት ከታየ፣ ጎማው የነካበት ቦታ እዚያ ነው። ምልክት ካልታየ መሪውን ወደ ሌላው ወገን አዙሮ መድገም፣ ከዚያም ሁለተኛውን ጎማ ማውጣት ነው።