ምዕራፍ ሰባት፦ የጎረቤት ድሮን ጓሮአችሁ ላይ ሲያንዣብብ

በመጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ድንጋይ፣ የውሃ ጎማ፣ መጥረጊያ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጠመንጃ የዚህ ችግር መፍትሔ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ድሮን እንደ አውሮፕላን ነው የሚቆጠረው፤ አውሮፕላን ሆን ብሎ የጎዳ ሰው ደግሞ እስከ 20 ዓመት ሊታሰር ይችላል። «ለአንድ መጫወቻ ማን 20 ዓመት ይፈርዳል?» ትሉ ይሆናል። እኔም አይፈረድም ባይ ነኝ፤ ሕጉ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። በራሳችሁ ላይ መሞከር አያስፈልግም።

በ2015 ኬንታኪ ውስጥ 1,800 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ድሮን በጠመንጃ የጣለውን ሰው እየጠቀሱ የሚከራከሩኝ አሉ። እውነት ነው፣ የአካባቢው ዳኛ ክሱን ውድቅ አድርገውለታል። ግን መጀመሪያ ታስሯል። የድሮኑ ባለቤትም ጉዳዩን ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ወስዶት ነበር፤ በ2017 መዝገቡ የተዘጋው ጉዳዩ እዚህ የሚታይ አይደለም ተብሎ እንጂ ተኳሹ ልክ ነው ተብሎ አይደለም። የኬንታኪ ዳኛ ውሳኔ ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ጋሻ አይሆነውም።

አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቀን የሚተኛ። እናቱ ከሀገር ቤት የመጡት በቅርቡ ነው፤ ድሮን ሲባል የሚያውቁት ሰው የሚገድለውን ነው። አንድ ቅዳሜ ዴክ ላይ በርበሬ አስጥተው ሲያገላብጡ ያ የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ከአናታቸው በላይ መጣ። እናት ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ልጅ ከእንቅልፉ ባኖ ሲወጣ ያየው ይህንን ነው። ማን ይፈርድበታል? መጥረጊያውን ወርውሮ ድሮኑን በርበሬው መሃል ጣለው።

ብዙም ሳይቆይ የድሮኑ ባለቤት ከፖሊስ ጋር በሩ ላይ ቆመ። ፖሊሱ የጠየቀው ስለ እናትየው መደንገጥ አልነበረም፤ «የሰው ንብረት ሰብረሃል?» ነው ያለው። ወዳጄ፣ «አዎ ሰብሬያለሁ፤ ተመልሶ ከመጣም እሰብረዋለሁ» ብሎ መለሰ። ያቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከድሮኑ ዋጋ በላይ ለሎየር አስከፈለችው። ከሳሽ መሆን ሲገባው ተከሳሽ ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ፖሊስ ሲጠይቃችሁ የሆነውን ብቻ ተናገሩ፤ ወደፊት ስለምታደርጉት ነገር ትንፍሽ አትበሉ።

የድሮኑን ሞገድ የሚያፍን መሣሪያ መጠቀምም የፌዴራል ሕግ የከለከለው ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ስለተሸጠ ብቻ የተፈቀደ አይምሰላችሁ።

«ከመሬቴ እስከ ሰማይ ድረስ የኔ ነው» የሚለው ክርክር ከ1946 ወዲህ አይሠራም። ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ አጠገብ ኮዝቢ የሚባሉ ዶሮ አርቢዎች ነበሩ። የጦር አውሮፕላኖች ቤታቸው ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ ጋር እየተላተሙ አለቁ፤ ቁጥራቸው እስከ 150 ይደርሳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰማዩ የሕዝብ መንገድ ነው አለ። ሆኖም ባለመሬቱ ሊጠቀምበት የሚችለው፣ ከመሬቱ ቀጥሎ ያለው ዝቅተኛ አየር የራሱ ነው ብሎ የዶሮ አርቢዎቹን መብት አከበረ። ስንት ጫማ ድረስ እንደሆነ ግን አልቆረጠም። የዛሬው ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። ድሮን የሚፈቀድለት በተለምዶ እስከ 400 ጫማ፣ ማለትም 120 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሚመላለሰው ዳኞቹ ሳይቆርጡ በተውት አየር ላይ ነው። ስቴቶቹ ናቸው በየራሳቸው መንገድ ክፍተቱን ለመሙላት የሞከሩት።

አሁን እኔ ወደማምንበት መድኃኒት ልግባ፦ ደብዳቤ።

የቨርጂኒያን ሕግ እንመልከት። ሰው ድሮኑን ሆን ብሎ ግቢያችሁ ውስጥ አስገብቶ ከመኖሪያ ቤታችሁ በ50 ጫማ ርቀት ውስጥ ካደረሰው በሁለት መንገድ ወንጀለኛ ይሆናል። አንደኛው፣ ሊያስፈራራችሁ ወይም ሊያዋክባችሁ ብሎ ያደረገው እንደሆነ ነው። ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ የሰው ልብ አይታይም። ሁለተኛው፣ እንዲያቆም ከተነገረው በኋላ ለማንኛውም ምክንያት ተመልሶ ከመጣ ነው። እዚህ ላይ የልቡን ሐሳብ መመርመር አያስፈልግም፤ እንደተነገረው ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። ቅጣቱም እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። በአጥር ላይ ብትነግሩትም ነገራችሁት ማለት ነው፤ ነገር ግን ነገ «አልሰማሁም» ቢል ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ?

ስለዚህ ጻፉ። «የምኖረው በዚህ አድራሻ ነው። ድሮንዎ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ግቢዬ ገብቶ ቤቴ አጠገብ በርሯል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳያስገቡት አሳውቄያለሁ።» በቃ። ስድብ የለም፣ «ሱ አደርግሃለሁ» የለም፣ የልጆቻችሁ ታሪክም የለም። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን አይሰባበር። ቅጂውን አስቀሩና ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከመመለሻ ደረሰኝ ጋር ላኩት። ተቀባዩ ፈርሞባት የምትመለሰው አረንጓዴ ካርድ ስትመጣ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጧት። (ስለዚያኛው ግሪን ካርድ እያወራሁ አይደለም፤ ግን እንደሱ ጠብቋት።)

የኛ ሰው ወረቀት ይፈራል። የመጣለትን ፖስታ ሳይከፍት ማይክሮዌቭ ላይ ይቆልላል፤ ሲበደልም ወይ ለወር ያኮርፋል፣ ወይ በአንድ ቀን ይፈነዳል። በመሃል ያለውን ሰፊ ሜዳ፣ በጨዋ ቋንቋ ጽፎ መጠየቅን፣ ለነጩ ትተንለታል። ከደብዳቤው በፊት ዳቦ ይዞ የጎረቤትን በር ማንኳኳት የሚመርጥ ካለ ደግሞ እሰየው። ብዙ ጊዜ አብራሪው ገና በልደቱ ድሮን የተሰጠው የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሰማ ነገሩ ያልቃል።

ድሮኑ የማን እንደሆነ ካላወቃችሁስ? ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ድሮን ሲበር ደግሞ መለያ ቁጥሩንና መገኛውን በሬዲዮ ማሰራጨት ግዴታው ነው፤ ከመጋቢት 2024 ወዲህ ይህን የማያደርግ ይቀጣል። ስርጭቱን የሚያነቡ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። የባለቤቱን ስም ለእናንተ አይነግሯችሁም፤ ቁጥሩን ግን ለፖሊስ መስጠት ትችላላችሁ። በስልካችሁ ቪዲዮ ስትቀርጹ የቤታችሁ ጣሪያ ወይም አጥር አብሮ ይታይ፤ ባዶ ሰማይ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ርቀት አታስረዳም።

ዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ተጨማሪ መሣሪያ አላችሁ። ከሬገን አየር ማረፊያ በ15 የባሕር ማይል ዙሪያ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግንና አሌክሳንድሪያን ጨምሮ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። ጎረቤታችሁ ፈቃድ ከሌለው፣ ጓሮአችሁ ቀርቶ የራሱ ጓሮ ላይ ማብረርም አይችልም። ይህን የምጽፈው ለራሳችንም ጭምር ነው። ለሰርግና ለምርቃት ካሜራ የሚያነሱ ልጆቻችን ድሮን ሳያስነሱ የተከበረ ድግስ የለም እስከሚባል ደርሰናል። በክፍያ የሚያበር ሰው የአብራሪነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በዚህ ክልል ውስጥ ደግሞ ያም ብቻውን አይበቃውም። ሙሽሮች ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ላስ ቬጋስ ላላችሁም ደብዳቤው ይሠራል። የኔቫዳ ሕግ ከ250 ጫማ በታች የበረ ድሮን ባለቤትን በፍትሐ ብሔር ለመክሰስ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ቀደም ሲል ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚሁ ከፍታ በርሮ እንደሆነና እናንተ እንዳልፈቀዳችሁ አሳውቃችሁት እንደሆነ። መብቱ የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ የሚኖርበት ተከራይም ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የግል ሕይወትን ለመቅረጽ የሰው ግቢ አየር ውስጥ መግባት በራሱ ያስከስሳል።

ድሮኑ በመስኮት ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያይ ከሆነ ግን ደብዳቤም ዳቦም አያስፈልግም። ቨርጂኒያ ውስጥ በድሮን ሰው ቤት አጮልቆ ማየት ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ ወዲያው ለፖሊስ ደውሉ። በሌላው ጊዜ 911ን ተዉትና በአካባቢያችሁ ፖሊስ መደበኛ ቁጥር ደውሉ። ፖሊሱ ሲመጣም የደብዳቤውን ቅጂና አረንጓዴዋን ካርድ ይዛችሁ በሩን ክፈቱ፤ የክስተት ቁጥር ሳይሰጣችሁ እንዳይሄድ።