ሶሪያሲስ እና የላብራቶሪ ወረቀት

ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው የላብራቶሪ ወረቀቱን ዘርግቶ «በሽታዬ ስንት ደረሰ?» ቢል አይፈረድበትም። ስኳር ያለበት ስኳሩን፣ ግፊት ያለበት ግፊቱን በቁጥር ያውቃል። የሶሪያሲስን ክብደት ለብቻው የሚለካ የደም ምርመራ ግን እስካሁን የለም።

ታዲያ ክብደቱ በምን ይለካል?

በዓይንና በእጅ። የሕመምተኛው መዳፍ ከነጣቶቹ የገላው 1 በመቶ ያህል ነው፤ የታመመው ቆዳ ከ10 መዳፍ ከበለጠ በሽታው ከባድ ይባላል። ከ1978 ጀምሮ የሚታወቀው ፓሲ የተባለ መለኪያ ደግሞ ቅላቱን፣ ውፍረቱንና ቅርፊቱን ከ0 እስከ 4 እየሰጠ፣ ከስፋቱ ጋር አባዝቶ ከ0 እስከ 72 ያስቀምጣል።

«ቅላት» የሚለው ነገር ለእኛ ቆዳ አይመችም። ጠይም ገላ ላይ ሶሪያሲስ ሐምራዊ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ስለሚታይ ነጥቡ ከእውነቱ አንሶ ሊመዘገብ ይችላል። ስፋትም ቢሆን ያታልላል፦ ውስጥ እግሩ ተሰነጣጥቆ መራመድ ያቃተው ሰው ጥቂት መዳፍ ብቻ ስለታመመ «ቀላል ነው» አይባልም።

ደም ውስጥ ምን ይታያል?

በሶሪያሲስ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ያለ ጠላት ይቆጣሉ። ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 17 እና 23 የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። በጤነኛ ቆዳ አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው እድሳት በጥቂት ቀናት ያልቅና ቅርፊት ይከመራል። ቁጣው ወደ ደም ሲዘልቅ ጉበት ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን ያበዛል። ከባድ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ይህ ቁጥር በአማካይ ከፍ ይላል። «በአማካይ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ገላው በሙሉ የታመመ ሆኖ ሲአርፒው ደህና የሆነ ሰው አለ።

በማካፈል የሚገኘው ቁጥር

ተመራማሪዎች የወደዱት ሌላ ምልክት ከተራው የደም ቆጠራ ይገኛል፤ ርካሽ መሆኑ ነው ያስወደደው። ከነጭ የደም ሕዋሳት ኒውትሮፊል 60 በመቶ፣ ሊምፎሳይት 30 በመቶ ቢሆን፣ 60 ለ30 ሲካፈል 2 ይሆናል። ቁጣ ሲበረታ ይህ ውጤት ይጨምራል። በብዙ ጥናቶችም ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ከጤነኞች ከፍ ያለ ውጤት አሳይተዋል።

ችግሩ፣ ቶንሲልም ያስጨምረዋል። ፕሬድኒሶሎን የዋጠ ሰው ደግሞ ኒውትሮፊሉ ይበዛል፣ ሊምፎሳይቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ቆዳው እየጠራ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል! (መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሶሪያሲሱ ብሶ ሊመለስ መቻሉም አይረሳ።) ሌላው ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በእስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር፣ ያለ ምንም በሽታ ኒውትሮፊላቸው ከአውሮፓውያን ያነሰ ነው። በሌላ ሕዝብ ላይ የተሰላን ወሰን እንዳለ አምጥቶ እዚህ መጠቀም ሰው ባልተሰፋለት ጫማ እንደማስኬድ ነው።

ደም የሚቀዳው ለምንድን ነው?

በአብዛኛው ለመድኃኒቱ ሲባል። ሜቶትሬክሴት ከመጀመሩ በፊትም ሆነ ከተጀመረ በኋላ የደም ቆጠራ፣ ጉበትና ኩላሊት ይታያሉ። ይህ መድኃኒት ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ መዋጥ ይገድላል። ኢንተርሉኪንን ወይም ቲኤንኤፍን የሚያግዱት አዳዲስ መርፌዎች ከመሰጠታቸው በፊት ደግሞ ቲቢና ሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። ሶሪያሲስ ድንገት ገንፍሎ ሲወጣ ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝዝ መጥፎ ጠርጥሮ አይደለም፤ ቫይረሱ በሽታውን ሊያከብደው ስለሚችል ነው። ከባድ ሶሪያሲስ ከልብ ሕመም ጋር ስለሚያያዝ ስኳርና ኮሌስትሮልም ይታያሉ።

መገጣጠሚያዎን አይርሱ

ሶሪያሲስ ጣትን፣ ተረከዝንና ወገብን ሊያጠቃ ይችላል፤ ጥፍር መበሳሳቱ አንዱ ጥቆማ ነው። የሪህ ምርመራው ነጻ፣ ሲአርፒውም ደህና ሆኖ መገጣጠሚያ የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍ የሚሉ ከሆነ፣ ወረቀቱ «ኖርማል» ቢልም እንኳ ለሐኪምዎ ይንገሩ።