በቆላ የሠፈራ አካባቢዎች ከደም መጣጭ ዝንቦች ስለ መከላከል

ድርቅ ካጠቃው ደጋ ወደ ምዕራቡ ቆላ ለጥናት የሚወርድ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚደነቀው በሣሩ ብዛት ነው። ሣሩ የሰው ቁመት ያህል ሆኖ ሳለ በላዩ የሚግጥ ከብት አይታይም። ይህን የተመለከተ ሰው «ባዶ መሬት ተገኘ» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት ከብቱ ለምን እንደ ጠፋ የአካባቢውን ነዋሪ መጠየቅ ይገባዋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ገንዲ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሲዛወር፣ ከተመረጡት ቦታዎች ብዙዎቹ የቆላ ዝንብ በሚኖርባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ወይም አጠገብ የሚገኙ ነበሩ። በአባይ፣ በበለስ፣ በዲዴሳና በባሮ ተፋሰሶች ይህ ዝንብ ከጥንት ጀምሮ አለ። ለእርሻ በሬ የተሰጠው ሠፋሪ በሬው ጠጉሩ ቆሞ፣ ከስቶና ደሙ አንሶ ሲወድቅበት በዓይኑ ያየው የበሬውን ሞት ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ዓመት ረሀብ ጭምር ነው። በፓዊ ትራክተር በብዛት እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነበር።

ቆላ ዝንብ፣ በሌላ ስሙ ፄፄ፣ ከተራው የቤት ዝንብ በቀላሉ ይለያል። ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ሲያርፍ ሁለቱን ክንፎቹን እንደ መቀስ ስለት አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ይከድናል፤ የሚወጋበትም አፉ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይታያል። ወንዱም ሴቷም ከደም በቀር ምግብ የላቸውም። ሴቷ እንደ ሌሎች ዝንቦች እንቁላል አትበትንም፤ በየዘጠኝ ወይም በየዐሥር ቀን አንድ ዕጭ ብቻ በጥላ ሥር በሚገኝ ልል አፈር ላይ ትወልዳለች። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ዝንብ ብቻ የሚይዝ ወጥመድ እንኳ ውሎ አድሮ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝንቡ የሚነክሰው በቀን ነው። ሰለባውን የሚያገኘው በሽታና በእንቅስቃሴ ሲሆን፣ ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም በተለይ ይስበዋል። ይህ ጠባይ ለመስክ ሠራተኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሶ በወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ የሚመላለስ ቀያሽ ራሱን ወጥመድ አድርጎ ይውላል። ደብዘዝ ያለ የአፈር ወይም የገለባ ቀለም ያለው፣ እጅጌው ረጅምና ጨርቁ ወፈር ያለ ልብስ ይሻላል፤ ስስ ጨርቅ ከሆነ ግን ዝንቡ በላዩ ሆኖ ይወጋል። መኪናም ትልቅና ተንቀሳቃሽ ነገር በመሆኑ ዝንቡ እንደ እንስሳ ቆጥሮ ይከተለዋል፤ በተከፈተ መስኮትም ይገባል። ከመሳፈር በፊት የመኪናውን ውስጥ መመርመርና ጫካውን እስኪያልፉ መስኮት መዝጋት ሙቀቱን ቢያብስም ከመነከስ ያድናል። በቀትር ሙቀት ዝንቡ ራሱ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ስለሚያርፍ፣ የደከመው ሠራተኛ ለዕረፍት የሚመርጠው ቦታና የዝንቡ ማረፊያ አንድ ይሆናሉ።

ቆዳ ላይ የሚቀቡ ፀረ ነፍሳት ቅባቶች ለትንኝ የሚሰጡትን ያህል አገልግሎት ለቆላ ዝንብ አይሰጡም፤ በእነርሱ ብቻ መተማመን ስሕተት ነው። ከብት አርቢዎች በበረት አጠገብ የሚያጨሱት ጢስ ግን ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ጢሱ የእንስሳውን ሽታ የሚከተለውን ዝንብ ይቀንሳል።

በሰው ላይ የሚመጣው የእንቅልፍ በሽታ በኢትዮጵያ እንደ ከብቱ ገንዲ የተስፋፋ አይደለም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጋምቤላ ታይቶ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ተገኝቷል። የተነከሰው ቦታ አብጦ ትኩሳት የያዘውን ሰው ያለ ደም ምርመራ የወባ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ስለዚህ አደገኛ ነው።

ሌሎች ሁለት ዝንቦች ከዚህ ጋር መደባለቅ የለባቸውም። ጥቁር ዝንብ የሚራባው በፈጣን ወራጅ ውኃ ውስጥ በድንጋይና በቅጠል ላይ ተጣብቆ ሲሆን፣ ከቤት ውጭ በቀን ይነክሳል፤ ኦንኮሰርካያሲስ የተባለውን ከባድ የቆዳ ማሳከክ የሚያመጣ በሽታ ያስተላልፋል። ለዚህ የአልጋ አጎበር አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው እግርንና ክንድን መሸፈን፣ መንደሩን ከፏፏቴና ከፈጣን ወንዝ ማራቅ፣ በየጊዜውም የሚታደለውን ኢቨርሜክቲን መውሰድ ነው። የአሸዋ ዝንብ በአንጻሩ ድምፅ የሌለው፣ እጅግ ትንሽና የሌሊት ነው። በሁመራና በመተማ ለአጨዳ ወርደው በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ የሚያድሩ የደጋ ሠራተኞችን በካላ አዛር የሚያሲዘው እርሱ ነው፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለዚህ ይረዳል።

ወደ በሬው እንመለስ። ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም የተባሉት መድኃኒቶች ዛሬም የሠፋሪው ዋና መጠጊያ ናቸው፤ ነገር ግን መጠኑን እያሳነሱ በገበያ ከተገኘው ሁሉ መውጋት በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ አድርጓል። ገንዘብ የሚቆጥበው መንገድ ዴልታሜትሪን የተባለውን ፀረ ነፍሳት በከብቱ ላይ መቀባት ነው። ቆላ ዝንብ በብዛት የሚያርፈው በትላልቆቹ ከብቶች እግርና ሆድ ላይ ስለ ሆነ፣ መላ አካላቱን ማጠብ ሳያስፈልግ እነዚህን ክፍሎች ብቻ መቀባት ይበቃል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢቀባ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የመንደሩ ከብት በአንድነት ሲቀባ ግን እያንዳንዱ በሬ ተንቀሳቃሽ ወጥመድ ይሆናል።

በመድኃኒት የተነከሩ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቆችም በወንዝ ዳርና ከብት በሚጠጣበት መንገድ ይተከላሉ። እዚህ ላይ ችግሩ የሚመጣው ከተተከሉ በኋላ ነው። ሣሩ አድጎ ጨርቁን ይሸፍነዋል፣ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ልብስ ያጣ ሰውም ቆርጦ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመተከላቸው አስቀድሞ የሠፋሪዎቹ ኮሚቴ ሣሩን በየሳምንቱ የሚያጭድና ጨርቁን በየጥቂት ወሩ የሚነክር ሰው በስሙ መመደብ አለበት።