የአሮጌ ቮልስዋገን ፍሬንና የኋላ አክስል እንዴት እንደሚታደስ

ፍሬን ማለት የሚሮጠውን ነገር ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያቆም መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው ግን ፍሬን ጎማውን ጨምድዶ የሚይዝ ነገር ብቻ ይመስለዋል፤ እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የቤታችንን አሮጌ ቮልስዋገን ፍሬንና የኋላ አክስል ስናድስ ያየሁትን ነው። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ፊዚክስ ለፈተና ብቻ የሚጠና ትምህርት የሚመስለው ቢኖር ይህን ማንበብ አይጎዳውም።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ 1200 ቮልስ ነው። አያቴ ገዝተውት ለአባቴ ያወረሱት ስለ ሆነ ዕድሜው ከአባቴ ይበልጣል። ይህ ዐይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥቷል። በአገራችን ታሪክም ስፍራ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ አባቴ ፍሬኑን ቢረግጡት ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ዘለቀ። ከፊታችን ጭነት የያዙ አህዮች ነበሩ። አባቴ ማርሹን ወደ አንደኛ መልሰው፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳቡ፣ በመጨረሻም የመኪናውን ጎን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አፋትገው አቆሙት። ማንም አልተጎዳም። እናቴ ወርደው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ ከእንግዲህ እዚህ ውስጥ አልገባም፤ ልጆቼም አይገቡም» አሉ። አባቴም ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጡት ቆረጡ። እኔ ብዙ ለመንሁ። በመጨረሻ በክረምቱ ዕረፍት እንድሠራው ፈቀዱልኝ፤ ነገር ግን የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ እያንዳንዱን ሥራ እንዲያዩት፣ እሳቸው «ይበቃል» ሳይሉም ማንም እንዳይነዳው አዘዙ።

የዚህ ፍሬን አሠራር የቆመው ብሌዝ ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት በገለጸው ሕግ ላይ ነው። ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ለምሳሌ ያህል የነጂው እግር በ20 ኪሎ ኃይል ቢጫን፣ ፔዳሉም ማንሻ ስለ ሆነ ኃይሉን 5 እጥፍ ቢያደርገው፣ በዋናው ፖምፓ ፒስተን ላይ 100 ኪሎ ያርፋል። የፒስተኑ ስፋት 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 50 ኪሎ ነው። በጎማው ዘንድ ያለው ፒስተን ደግሞ 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሸራውን በ150 ኪሎ ይገፋዋል። እግር 20 ሰጥቶ 150 ተቀበለ ማለት ነው። ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ፔዳሉ ብዙ ሲሄድ ሸራው የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንሽ ዘይት እንኳ ቢጎድል ወይም ትንሽ አየር ቢገባ እግራችን የሚሄደው ሁሉ በከንቱ ያልቃል። በእኛ መኪና ደግሞ አራቱም ጎማዎች የሚጠቀሙት በአንድ መስመር ነው። ባንዱ ቢፈስ አራቱም ይከዳሉ። በኋላ ዘመን የተሠሩት መኪናዎች መስመራቸው ለሁለት የተከፈለው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተፈታው የአክስሉ ትልቅ ዳዶ ነው፤ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ዳዶ የሚፈታው ጎማው መሬት ላይ ሳለ፣ የፊት ጎማዎችም በድንጋይ ታግደው ነው። በክሪክ በተነሣ መኪና ላይ እንዲህ ያለውን ዳዶ መታገል መኪናውን በራስ ላይ መጣል ነው። ዳዶው ከላላ በኋላ መኪናውን አንሥተን በጠንካራ እንጨት ላይ አሳረፍነው። ሲነሣ የኋላ ጎማዎቹ እግሩን እንደሚያጥፍ ሰው ወደ ውስጥ ታጠፉ። እኔ የተሰበረ ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ መካኒኩ ግን ሳቁ። ለካ የዚህ መኪና አክስል የሚታጠፈው በካምቢዮው አጠገብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ጎማው ከፍና ዝቅ ሲል አብሮ ያዘነብላል።

የቀኝ ኋላ ታምቡር በወጣ ጊዜ ውስጡ ጭቃ መስሏል። የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። ሸራው ርሷል። ግን የምን ዘይት ነው? መካኒኩ ጠብታውን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አደረጉት። ከፊሉ ከውኃው ጋር ተዋሐደ፣ ከፊሉ በላዩ ተንሳፈፈ። የተዋሐደው የፍሬን ዘይት ነው፤ የተንሳፈፈው የካምቢዮ ዘይት ነው። ስለዚህ በሽታው ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው ምክንያት በቀላሉ ተገኘ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ በመቅረቱ ውኃው የጎማውን ፖምፓ አዝጎት፣ ዝገቱም ጎሚኒውን ቦጫጭቆታል። ፖምፓውን በአዲስ ለወጥነው። ዕቃዎቹን በቤንዚን ወይም በሞተር ዘይት ማጠብ ጎሚኒውን ስለሚያሳብጥ፣ ያጠብነው በአልኮል ነው።

ሁለተኛው ግን አስቸገረኝ። በአክስሉ ጫፍ፣ ከኩሽኔታው ውጭ፣ የካምቢዮው ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ጎማ አለ። እሱን ለወጥሁ፤ አዲስ ሸራም በሁለቱም የኋላ ጎማ ገባ። መካኒኩ ለጥቂት ቀን በሰፈር ውስጥ በዝግታ ነዱት። ታምቡሩን ብንከፍተው አዲሱ ሸራ እንደ አሮጌው ርሶ አገኘነው። በዘይት የራሰ ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ የአባቴ ገንዘብ ባከነ። አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መካኒኩ በአክስሉ ላይ የሚጠልቀውን የብረት ቀለበት አውጥተው፣ «ጥፍርህን አሳልፍበት» አሉኝ። ጥፍሬ ተያዘ። የማገጃው ጎማ ከንፈር ለሃምሳ ዓመት በቀለበቱ ላይ ሲሽከረከር ቦይ ቆፍሮበታል፤ አዲሱ ጎማ ምንም ደኅና ቢሆን ዘይቱ በቦዩ በኩል ይወጣል። እኔ የለወጥሁት ጎማውን እንጂ ጎማው የሚያርፍበትን አልነበረም። ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬ ያልተቦረቦረ ቀለበት አገኘሁ፤ በሚገዛበት ጊዜም ጥፍሬን ሳላሳልፍበት ገንዘብ አልሰጠሁም።

ዳዶውን መልሶ ማጥበቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ልኩ 30 ኪሎግራም ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚለካ መፍቻ ስላልነበረን በሂሳብ አደረግነው። እኔ 52 ኪሎ እመዝናለሁ፤ 30ን ለ52 ብናካፍል 0.58 ሜትር ገደማ ይሆናል። በመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ አጥልቄ፣ ከዳዶው መሀል 58 ሴንቲ ሜትር ለክቼ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ መፍቻው አግድም በሆነ ጊዜ በምልክቱ ላይ ቆምሁ። እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ዳዶው ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም፤ ላልቶ ቢሄድ የታምቡሩ ጥርስ ተበልቶ አክስሉ ብቻውን ይዞራል።

አየር ለማስወጣት ታናሽ እኅቴ ፔዳሉ ላይ ተቀመጠች። ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። «ርገጪ!» ስላት ትረግጣለች፤ እኔ ብሎኑን እከፍታለሁ፣ አረፋው በቱቦው ይወጣል፣ እዘጋለሁ፤ ከዚያ «ልቀቂ!» እላለሁ። ሦስተኛው ጎማ ላይ ስንደርስ የዘይቱን መያዣ መሙላት ረስተን ባዶ ስለ ሆነ አየር እንደ ገና ገባ፤ ከመጀመሪያው ዠመርን። እኅቴ እስከ ዛሬ እግሬን አሞኛል ትላለች።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንመለስ። መኪናው ከተሳፋሪዎቹ ጋር 950 ኪሎ ቢመዝንና 500 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ የሚለቀው ጉልበት 16 ሊትር ገደማ ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ያሞቃል። ይህ ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢያዝ ታምቡሩ እጅግ ይግላል፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይትም ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ስለሚታመቅ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በከባድ ማርሽ መውረድ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጳጉሜን ላይ መካኒኩ፣ አባቴና እኔ ወደ እንጦጦ ወጥተን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ እጄን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጋሁ፤ የቀኝና የግራው ሙቀት እኩል ነበር። መካኒኩም «ይበቃል» አሉ። እናቴ አሁን ከእኛ ጋር በመኪናው ወደ እንጦጦ ይወጣሉ፤ ቁልቁለቱን ግን በታክሲ ነው የሚወርዱት።