የክፍል ማሞቂያ ማራገቢያ ሞተር፦ በቦሌ ከፍታ ላይ ለምን የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል?

በአዲስ አበባ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ደመና አልባ ስለሚሆን፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ትለቀዋለች። የሌሊቱም ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ፣ ሽታም ቀለምም በሌለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ ማራገቢያ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ይህን አደጋ ያስወግዳሉ። ይሁን እንጂ መሣሪያው በአግባቡ ካልተያዘ የራሱ የሆነ የእሳት አደጋ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማራገቢያውን ሞተር አሠራርና አያያዝ ማስረዳት ነው።

ማራገቢያው ምን ያደርጋል?

ብዙዎቻችን ማራገቢያው ሙቀቱን በክፍሉ ለማዳረስ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ዋናው ሥራው ግን የጋለውን ሬዚስታንስ ማቀዝቀዝ ነው። ነፋሱ ሲቀንስ ሬዚስታንሱ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ያጣል።

ይህን በስሌት እንመልከት። የአየሩ የሙቀት ጭማሪ የሚገኘው የማሞቂያውን ኃይል በሴኮንድ ለሚያልፈው አየር መጠነ ቁስና ለአየር ልዩ ሙቀት (1005 ጁል በኪሎ ግራም በዲግሪ) ብዜት በማካፈል ነው። ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ በሰዓት 120 ሜትር ኩብ አየር ይገፋል እንበል። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን በሴኮንድ 0.04 ኪሎ ግራም አየር ያልፋል፤ ጭማሪውም 50 ዲግሪ ገደማ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሴኮንድ የሚያልፈው 0.03 ኪሎ ግራም ሲሆን ጭማሪው 66 ዲግሪ ይደርሳል። አቧራ የነፋሱን መጠን በግማሽ ቢቀንሰው ደግሞ 130 ዲግሪን ያልፋል! የሞተሩ ጥቅልል ሽቦም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር መሆኑን ልብ ይሏል።

የሞተሩ አሠራር

በአነስተኛ ማሞቂያዎች የሚገኘው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ብሩሽ የሌለው የኢንዳክሽን ሞተር ነው። በቋሚው ክፍል ዋልታዎች ጥግ የተገጠሙ የመዳብ ቀለበቶች መግነጢሳዊውን መስክ በከፊል ስለሚያዘገዩት መስኩ የተንቀሳቀሰ ያህል ሆኖ ሮተሩን ያሽከረክረዋል። ይህ ሞተር ርካሽና ቀላል ቢሆንም የመነሻ ጉልበቱ ደካማ ነው። በተጨማሪም የማዞር ኃይሉ ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 67 በመቶ ይቀንሳል። ዘንጉን የሚሸከመው የነሐስ ብሮንዚና ከደረቀ ግን ፍትጊያው አብሮ አይቀንስም። በዚህም ምክንያት መብራት በደከመበት ምሽት ሞተሩ ቆሞ ሬዚስታንሱ መጋሉን ሊቀጥል ይችላል።

የጥገና ቅደም ተከተል

ከብርዱ ወራት በፊት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ፤ ግንባታና አቧራ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ደግሞ በበጋው መካከል በድጋሚ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል።

1. ስፒናውን ከሶኬት ነቅሎ ሬዚስታንሱ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ።
2. የኋላውን ወንፊት በካቻቢቴ ፈትቶ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፤ ውኃ ፈጽሞ አለመጠቀም።
3. ማራገቢያውን በጣት ማሽከርከር። ጤነኛ ከሆነ በነፃነት ዞሮ ቀስ በቀስ ይቆማል፤ ከያዘ ወይም ዘንጉ ከተወዛወዘ ብሮንዚናው ደርቋል ወይም ተበልቷል።
4. ለደረቀው ብሮንዚና አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ማድረግ። የምግብ ዘይት ሲሞቅ ስለሚረጋና ስለሚያጣብቅ አይሆንም። የተበላ ብሮንዚና ግን በዘይት ስለማይድን መቀየር አለበት።
5. የገመዱንና የስፒናውን ደኅንነት መመርመር። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ ማሞቂያው በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት እንጂ ከዲቫይደር መሰካት የለበትም።

ሙቀት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠውን መቆጣጠሪያ «ቶሎ ቶሎ ያጠፋብኛል» በማለት በሽቦ ማገናኘት ታላቅ ስሕተት ነው። መቆጣጠሪያው የሚያጠፋው ነፋሱ ማነሱን ስላወቀ ነው። ስለዚህ መፍትሔው አቧራውን መጥረግ እንጂ ጠባቂውን ማስወገድ አይደለም።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ፦ ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ባለ 2000 ዋቱ ሬዚስታንስ ስንት ዋት ያመነጫል? (መልስ፦ 1340 ዋት ገደማ። ማራገቢያው ከቆመ ይህም አደጋ ለማድረስ በቂ ነው።)