ሬትሮግሬድ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ትርጓሜና አገባብ

ሬትሮግሬድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው፤ ሥሩ ግን ላቲን ነው። ሬትሮ ማለት ወደ ኋላ፥ ግራዲ ማለት መራመድ ነውና፥ ሁለቱ ሲጣመሩ የኋሊት የሚራመድ ማለት ይሆናል። ነገር ግን ይህን ፍቺ ብቻ የያዘ ሰው ይሳሳታልና፥ ቃሉ የሚገባበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ፊተኛው አገባብ ስለ ፕላኔቶች አካሄድ ነው። ማርስ የሚባለው ፕላኔት በከዋክብት መካከል ሌሊት በሌሊት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ይታያል። በ26 ወር ገደማ አንድ ጊዜ ግን ይቆምና፥ ሁለት ወር ያህል ወደ ምዕራብ ሲመለስ ይታያል፤ ይህም አካሄድ ሬትሮግሬድ ይባላል። ፕላኔቱ ግን በእውነት አልተመለሰም። በፈጣን በቅሎ የተቀመጠ መንገደኛ እግረኛውን ሲያልፈው፥ እግረኛው በሩቁ ተራራ አንጻር የኋሊት የሄደ ይመስለዋል። ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስትሄድ ከማርስ ትፈጥናለችና፥ ስታልፈው እንዲሁ ሆኖ ይታያል። ኮፐርኒከስ የተባለው ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1543 ዓመት በታተመው መጽሐፉ ይህን ምክንያት ገለጠ።

ሁለተኛው በሕክምና ነው። ራሱን የተመታ ሰው ከመመታቱ በፊት የሆነውን ቢረሳ፥ መርሳቱ ሬትሮግሬድ ይባላል። በዚህ ነቀፋ የለበትም።

ሦስተኛው በሥራና በአስተዳደር ነው። ልጃገረዶችን ያስተምር የነበረ ትምህርት ቤት በሩን ቢዘጋባቸው፥ እንግሊዞች ይህን ሥራ ሬትሮግሬድ ይሉታል፤ ከደረሱበት መልካም ነገር ወደ ቀድሞው ጉድለት መውረድ ነውና። በዚህ ስፍራ ቃሉ ነቀፋ ነው። ስለዚህ «ተመላሽ» ብሎ መተርጐም አይበቃም፤ ከስሕተቱ የተመለሰ ሰው ይመሰገናልና።

ከሁሉ ይልቅ መምህሩ «ወደ ኋላ የቀረ» ከሚለው እንዳያምታታው ይጠንቀቅ። የቀረ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሬትሮግሬድ የሆነ ግን ፊቱን አዙሯል። ፊደል ለመለየት የዘገየን ልጅ በዚህ ቃል የሚጠራ መምህር ቃሉንም ልጁንም ይበድላል። ደግሞም ፈጥኖ የሚያልፍ ሰው ባልንጀራውን የተመለሰ አድርጎ እንደሚያየው፥ መምህሩ አስቀድሞ የራሱን ፍጥነት ይመርምር።

መልመጃ፤ ተማሪዎች ከእነዚህ ለየትኛው ቃሉ እንደሚገባ፥ ስለ ምንም እንደሚገባ ይመልሱ።
፩ኛ፤ ያልተማረ ሰው በ40 ዓመቱ ማንበብ ቢጀምር።
፪ኛ፤ የተሠራ ድልድይ ሳለ ሰዎች በወንዙ እንዲሻገሩ ቢታዘዝ።